ሦስተኛው ቅዳጅ

ዋርዴ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው እዚሁ በባሕር ዳር መንደራችን በአንፌ፣ ከጨው ገንዳዎቹ በላይ ያለው ባለ ሰማያዊ በሩ ቤት ነው። አባቷ የጭነት መኪና ይነዳል። እናቷ ኡም ሚትሪ፣ የሚትሪ እናት ማለት ነው፣ በበጋ ጨው ትሰበስባለች፣ በክረምት ልብስ ትሰፋለች።

ልጆች፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዋርዴ ክፉ ልጅ አልነበረችም። ከአንዳንዶቻችሁ እንዲያውም ሳትሻል አትቀርም። ስም አልጠራም፤ ከኋላ ወንበር ላይ የምትሳሳቁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ዋርዴ አንድ ወንድም ነበራት፤ ሚትሪ ይባላል። አምስት ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ልቡ ደካማ ነበር። በዚያ ዓመት ወይራ በሚለቀምበት ወቅት በጣም ታመመና ትሪፖሊ ሆስፒታል አስገቡት። ሐኪሞቹ «ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ግን መጀመሪያ ትንሽ ይወፍር» አሉ። ስለዚህ ሚትሪ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሾርባ እየጠጣ፣ እስኪወፍር መጠበቅ ነበረበት። አይወፍርም ደግሞ።

ያኔ የትምህርት ቤታችን የሳይንስ መምህርት ሚስ ኦዴት ነበሩ። ሚስ ኦዴት ልጆቹን አንድ ሥራ አስለመዷቸው፤ በባሕራችን የሚያልፉትን ዶልፊኖችና ዓሣ ነባሪዎች እያዩ መመዝገብ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሁለት ሁለት እየሆኑ በጨው ገንዳዎቹ አጠገብ፣ ወደ ገንዳዎቹ ውሃ ከሚስበው የነፋስ መዘውር ሥር ይቀመጣሉ። አንዱ በሩቅ ማያው መነጽር ያያል። አንዱ ይጽፋል። ስንት ናቸው? ወዴት ሄዱ? ግልገል ይዘዋል? ምንም ካላዩ «ምንም» ብለው ይጽፋሉ። «ምንም» ብሎ መጻፍ የሚያሳፍራቸው ልጆች ነበሩ። ሚስ ኦዴት ግን «እሱም እኮ እውነት ነው! ባዶ ባሕር አይታችሁ ባዶ ብትሉ ማን ይቆጣችኋል?» ይሉ ነበር። ወረቀቱ በወሩ መጨረሻ ቤይሩት ላሉ የባሕር አጥኚዎች ይላካል።

የዶልፊን የጀርባ ክንፍ አይታችኋል? ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስላል። አይደለም። አንዱ ጫፉ ተቆርጧል፣ አንዱ ጠባሳ አለው፣ አንዱ ጠርዙ ላይ የተቀደደ ቦታ አለው። ልጆቹ ክንፉን በእርሳስ ይስሉታል። ሚስ ኦዴት ሥዕሉን ከትልቁ መዝገብ ጋር ያስተያዩታል። በመዝገቡ ውስጥ ሃያ ስድስት ክንፎች ነበሩ፤ ሁሉም ስም አላቸው። በመዝገቡ የሌለ አዲስ ክንፍ መጀመሪያ ያየ ልጅ ስሙን እሱ ያወጣል። ይህ ደንብ ነው። አባ ቡትሮስ ይህን ሲሰሙ ሳቁና «እኔ ልጆቹን አጠምቃለሁ፣ እናንተ ዶልፊኖቹን። ብቻ የክርስትናው ድግስ ላይ እኔን እንዳትረሱ!» አሉ።

ከሁሉም የታወቀችው ሙሽራ ነበረች። ክንፏ ላይ ሁለት ቅዳጅ አለ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ስሟን ያወጡላት ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ አቡ ኒኮላ ናቸው። የሴት ልጃቸው ሰርግ ዕለት ጠዋት መረባቸው ውስጥ ተጠላልፋ አገኟት። መረባቸውን በቢላዋ ቆራርጠው ለቀቋት፤ ሰርጉም ላይ ዘግይተው ደረሱ። ሚስታቸው ይህን እስክትሞት ድረስ አልረሳችላቸውም። አሁን አቡ ኒኮላ ዐይናቸው ደክሟል፤ ባሕር አይወጡም። ነገር ግን በየቅዳሜው በከዘራቸው ኳ ኳ እያሉ ወደ ሚስ ኦዴት ይመጡና «ሙሽራዬ መጣች?» ብለው ይጠይቃሉ። «መጣች» ሲባሉ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ይውላሉ።

አንድ እሑድ ዋርዴ ወንድሟን ልትጠይቅ ሄደች። ሚትሪ የዶልፊኖቹን ወሬ ይወዳል።

«የኔ ስም ያለው አለ?» አላት።

«የለም።»

«ለምን? ጂርጂ አለ። ሳባ አለ። ቡትሮስ እንኳ አለ! የኔስ?»

«አዲስ ሲመጣ ነዋ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ባሕሩን ጠይቀው።»

ሚትሪ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። ከዚያ «ሳልቆረጥ ቶሎ ይምጣ» አላት። ቀዶ ጥገናውን «መቆረጥ» ነበር የሚለው። ዋርዴ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አለቀሰች።

ማክሰኞ ዕለት የዋርዴ ተራ ነበር። ጓደኛዋ ሪማ ጉንፋን ይዟት ቀረች። ዋርዴ ብቻዋን ተቀመጠች። የዛታር ቅመም የተቀባ ዳቦዋን በልታ ሳትጨርስ ውሃው ተከፈለ። ሙሽራ ነበረች! ከግልገሏ ጋር፣ ወደ ሰሜን። ዋርዴ መነጽሩን አነሣች። አንድ ቅዳጅ ከላይ፣ አንድ ቅዳጅ ከታች። ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እርሳሷን አንሥታ ክንፉን ሳለች። አንድ ቅዳጅ። ሁለት ቅዳጅ። እርሳሷ ግን ከወረቀቱ አልተነሣም። «ሳልቆረጥ ቶሎ ይምጣ» የሚለው ድምፅ በጆሮዋ መጣ። በሁለቱ መሐል ሦስተኛ ቅዳጅ ሳለች። በጣም ትንሽ ናት፤ ግማሽ ጥፍር አታህልም። ማን ይጎዳል?

ልጆች፣ ስትስል ብታዩዋት ምን ትሏት ነበር? እኔ ልቆጣት አልችልም። ብቻ እጇን ያዝ ባደረግኳት ኖሮ እላለሁ።

ሚስ ኦዴት ሥዕሉን አገላብጠው አዩት።

«እርግጠኛ ነሽ? ሙሽራን ትመስላለች እኮ።»

«ሙሽራ ሁለት ነው ያላት፣ ሚስ። ይሄ ሦስት አለው። ቆጥሬዋለሁ።»

ሚስ ኦዴት አመኗት። ዋርዴ ዋሽታ አታውቅማ! «በይ እንግዲህ ስም አውጪለት» አሏት።

«ሚትሪ» አለች።

ሚስ ኦዴት ሰው ፊት የማያለቅሱ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። የሥዕሉን ግልባጭም ለወንድሟ እንድትወስድለት ሰጧት። ሚትሪ ሥዕሉን ሲያይ አልጋው ላይ ቆመ። ነርሷን ጠራ፣ ሐኪሙን ጠራ፣ ጽዳት ሠራተኛዋን ጠራ። «ይሄ እኔ ነኝ!» አላቸው። ሾርባውንም ጠጥቶ ጨረሰ።

አያችሁ፣ ውሸቱ ያማረ ነበር። አስቸጋሪው ነገር ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። ልጆቹ ሁሉ ሚትሪን ስለሚወዱት የሱን ዶልፊን ለማየት ጓጉ። ቅዳጅ ያለው ክንፍ ከሩቅ ብቅ ሲል «ሚትሪ! ሚትሪ መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ሁለት ይሁን ሦስት ማን ይቆጥራል? «ሚትሪ፣ ከግልገል ጋር» ብለው ይጽፋሉ። ዋርዴም በተራዋ እንደዚያው ጻፈች። ምን ታድርግ? ውሸት ውሸትን ይወልዳል። «ሙሽራ» የሚለው ስም ከመዝገቡ ጠፋ። አንድ ሳምንት። ሦስት ሳምንት። ስድስት ሳምንት።

አቡ ኒኮላ በየቅዳሜው መጡ። «ሙሽራዬ መጣች?»

«አልመጣችም፣ ዓሞ» ይሏቸዋል ልጆቹ፤ ዓሞ ማለት አጎቴ ነው።

ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ አቡ ኒኮላ መልሱን ሳይሰሙ ተመለሱ። ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጡና «ሞታለች» አሉ። «እንዲህ ቀርታ አታውቅም።»

ወንዶቹ ዙሪያውን መረብ ይጠግኑ ነበር። ረጅሙ ፋውዚ «ዝም ብላ አልሞተችም» አለ። «እኔ በዚያ ሰሞን ከባሕር ገብ መሬቱ ባሻገር ድም! ሲል ሰምቻለሁ። ድማሚት ነው።»

«ድማሚት ማን አለው?»

ማንም ስም አልጠራም። ሁሉም ግን ወደ ሰምዓን ጀልባ ዞሮ አየ።

ሰምዓን ማን መሰላችሁ? ወጣት ሳለ ባሕር ውስጥ ድማሚት እየጣለ ዓሣ የሚገድል ሰው ነበር። አንድ ቀን ድማሚቱ እጁ ላይ ፈነዳ። ሁለት ጣቶቹን ወሰደበት። ከዚያ ወዲያ በቅዱስ ኒኮላ ሥዕል ፊት ቆሞ «ዳግመኛ አልነካም» ብሎ ማለ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ መሐላውን ጠበቀ። ግን ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል። ሰዎቹ በአንድ ቀን አሥራ አምስቱን ዓመት ረሱበት።

«ሰምዓን፣ የት ነበርክ በዚያ ሰሞን?» አለው ፋውዚ።

«ባሕር ላይ ነዋ፣ የት ልሆን? እንዳንተ አልጋ ላይ መሰለህ?»

«እኛም ያልነው ይሄንኑ ነው።»

ሰምዓን ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ሦስት ጣት ብቻ የቀረባትን እጁን አየ፣ ኪሱ ውስጥም ከተታት።  ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ በስተኋላ በር አጠገብ ብቻውን ይቆማል። ሚስቱም ብቻዋን።

ዋርዴ ይህን ሁሉ ታያለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? እንደዚያ ነበረች። ልትናገር አፏን ትከፍትና ሚትሪ ይታያታል። ሥዕሉን ትራሱ ሥር አድርጎ እኮ ነው የሚተኛው! ብትናገር ዶልፊኑ ይጠፋል። ቀዶ ጥገናው ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል። «ከዳነ በኋላ እናገራለሁ» ትላለች ለራሷ። እናቷ «ምን ሆነሻል፣ እማዬ? ምስር ትወጂ አልነበር?» ትላታለች። ዋርዴ ምስሩን በማንኪያ ታማስላለች እንጂ አትበላም።

የቅዱስ ኒኮላ በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን ከምዕራብ ጥቁር ደመና መጣ። እኛ ያንን ደመና እናውቀዋለን። እሱ ሲመጣ ጀልባ ውሃ ላይ አያድርም። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ሁሉ ወደ ባሕሩ ወረዱ። የአንፌ ደንብ ነው፤ አንድ ጀልባ ለመጎተት ሃያ ሰው ገመድ ይይዛል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ሄላ! ሄላ!» እያሉ አንድ በአንድ ሁሉንም ወደ ደረቁ አወጡ።

የሰምዓን ጀልባ ቀረች። ወንዶቹ እጃቸውን በሱሪያቸው አደራረቁ። ገመዱን ጠቀለሉ። ከነፋስ ለመጠለል ወደ ወደቡ ግንብ ሥር ሄዱ።

ሰምዓን ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባዋን ከድንጋዩ ይገፋል። ሚስቱ ብቻዋን ገመዱን ይዛ ትጎትታለች። ጀልባ እንዲህ አይወጣም። ማዕበሉ ትንሽ ቢጨምር ድንጋዩ ላይ ይከሰክሳታል። ሌላ ጀልባ ደግሞ የለውም፤ በዚያች ነው ልጆቹን የሚያበላው።

ዋርዴ የጨው ጆንያ ልትሸፍን ወርዳ ነበር። ሰምዓን አያት።

«ዋርዴ! ወንድምሽ እንዴት ነው?» ብሎ በነፋሱ ውስጥ ጮኸ።

«ደ... ደህና ነው፣ ዓሞ።»

«ለበዓሉ ሻማ አብርቼለታለሁ! ትልቁን! ይቺ» አለና ሚስቱን በአገጩ አሳያት፣ «ይቺ ‹ለኛ ጀልባ አብራ እንጂ› ብላ ተቆጣችኝ። ጀልባ አናጺ ይሠራዋል፣ ልጅን ማን ይሠራዋል? አልኳት።»

ደግሞ ሳቀ። ውሃው እስከ ደረቱ፣ ስሙ እስከ ጭቃው ወርዶ ሳለ ለሚትሪ አስቦ ሳቀ።

ዋርዴ ጆንያውን ጣለችው። ወደ ግንቡ ሥር ሮጠች። አቡ ኒኮላ የዓሣ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሚስ ኦዴትም ሕዝቡ መሐል ነበሩ።

«ሙሽራ አልሞተችም!» አለች። «ዓሞ ሰምዓን አልነካትም! የገደልኳት እኔ ነኝ፤ በእርሳስ!»

«ምን ትላለች ይቺ ልጅ?» አለ ፋውዚ።

«ሚትሪ የሚባል ዶልፊን የለም! እኔ ነኝ ሦስተኛውን ቅዳጅ የሳልኩት። ሙሽራ ናት። ሁልጊዜም ሙሽራ ነበረች። ግልገሏም ደህና ናት።» ከዚያ በኋላ ለቅሶው አላናግራት አለ።

«አዝናለት ነው» አለ አንዱ። «ልጅ አይደለች? የሚሰምጥ ሲያዩ ማዘን ነው።»

ሚስ ኦዴት ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ቆዩ» አሉ። «ሙሽራ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ሰኞ ነው። ሚትሪ የመጣው በማግሥቱ ማክሰኞ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሁለቱ አብረው አልታዩም። ግልገል ይዞም ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው።» እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «መዝገቡ እጄ ላይ ነበር። እኔም አላየሁም። ማየት አልፈለግኩም።»

  አቡ ኒኮላ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ሙሽራዬ በሕይወት አለች?»

«አለች፣ ዓሞ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው የተደሰቱ ይመስላችኋል? ተደስተዋል። ነገር ግን ወዲያው ፊታቸው በኀፍረት ቀላ። ከዘራቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው፣ ዐይናቸው ስለደከመ በእግራቸው እየዳበሱ፣ ወደ ውሃው ወረዱ። ከሰምዓን ሚስት ኋላ ገመዱን ያዙ።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» አሉ ዞር ብለው። «ጣቱ የጎደለው እሱ ነው ወይስ እናንተ?»

ሃያውም ሮጡ። ረጅሙ ፋውዚ ከሁሉ ፊት ገብቶ፣ ውሃው ወገቡ ድረስ በሚደርስበት በገመዱ ጫፍ ላይ ቆመ። ማንም እዚያ ቁም አላለውም። «ሄላ! ሄላ!» ጀልባዋ አንዴ ድንጋዩን መታች፤ ከሥሯ አንድ እንጨት ተሰነጠቀ። በሁለተኛው ማዕበል ግን ደረቁ ላይ ነበረች።

አቡ ኒኮላ ወደሱ ቀርበው «ሰምዓን፣ ልጄ፣ በወሬ ፈረድኩብህ። ይቅር በለኝ» አሉ።

ሰምዓን አንዷን እጁን ኪሱ ከቶ በሌላው ቆቡን ጨመቀ። «መጀመሪያ ጀልባዋን እሰሩልኝ፣ አባቴ። ይቅርታው አይሸሽም» አለ። ይህን ሲል ግን እጁን ከኪሱ አውጥቶ ለሽማግሌው ሰጣቸው፤ ያቺኑ ጣት የጎደላትን እጁን።

የዋርዴ ነገር በዚህ አላለቀም። በማግሥቱ እሑድ ትሪፖሊ ሄዳ ለሚትሪ ነገረችው። እናቷ «እኔ ልንገረው?» ብትላት «አይ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለች። ሚትሪ ሰማ። ሥዕሉን ከትራሱ ሥር አወጣና ወረወረው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዋርዴ «ሚትሪ» ብትለው «ሂጂ» አላት። ልጆች፣ እውነት ተናግሮ ወዲያው ደስ የሚለው ሰው የለም። እስከ ቤት ድረስ እያለቀሰች መጣች።

ሰምዓን ጀልባ ማቆሚያው ላይ ተቀምጦ የተሰነጠቀውን እንጨት ይለካ ነበር። ዋርዴ ራቅ ብላ ቆመች።

«ነይ፣ አልነክስም» አላት።

«ዓሞ፣ ጀልባዎ በኔ ምክንያት ተሰነጠቀ።»

«አዎ፣ ባንቺ ምክንያት ነው» አለ ሰምዓን። አላስተባበለላትም።

«ሚትሪም ሂጂ አለኝ።»

ሰምዓን መዶሻውን አስቀመጠ። «እኔ ወጣት ሳለሁ» አላት፣ «ድማሚቱን ከየት እንደማመጣው አባቴ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር። ‹የት አውቄው› አልኩት፤ እንዳያዝንብኝ ብዬ። ሦስተኛ ጊዜ የጠየቀኝ ሐኪም ቤት ነው። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኩት።» እጁን ዘርግቶ አሳያት። «እኔ የተናገርኩት ጣቶቼ ከሄዱ በኋላ ነው። አንቺ የተናገርሽው ጀልባዬ ጨርሳ ሳትሰበር ነው። ከኔ ትሻያለሽ። በይ ያንን ምስማር አቀብዪኝ።»

ዋርዴ ምስማሩን አቀበለችው። እስኪመሽ ድረስ ምስማር ስታቀብል ቆየች።

ሚስ ኦዴት አንድ ወር ሙሉ እርሳስ አላስያዟትም፤ መነጽር ብቻ። ሚትሪ ለሦስት ቀን አኮረፈ። በአራተኛው ቀን በስልክ «የሙሽራ ግልገል አደገ?» ብሎ ጠየቀ። ቀዶ ጥገናውም ደህና ሆነለት፤ ከልደት በኋላ ወደ ቤቱ መጣ። እስከ ዛሬ ግን በመዝገቡ ውስጥ ሚትሪ የሚባል ዶልፊን የለም።

እንግዲህ ልጆች፣ ለምትወዱት ሰው ብላችሁ እንኳ ቢሆን ያላያችሁትን አየን አትበሉ፤ ተሳስታችሁ አየን ካላችሁም፣ የሌላ ሰው ጀልባ ሳይሰበር ፈጥናችሁ እውነቱን ተናገሩ።